የልጃችን ውጤት ሲንጋፕ 1 ሆነ፣ ሪሰርች ሬጅስትሪ ላይ ላስመዝግበው ወይስ ይቅር?

የትንሹ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ እስካሁን የሌላውን ሳነብ ነው የኖርኩት ዛሬ ግን ግራ ሲገባኝ ልጻፍ አልኩ። ልጄ አራት አመቱ ነው። አመት ከመንፈቅ ሞልቶት መራመድ ሲያቅተው ነው መጨነቅ የጀመርነው፣ ከዛ ቃል አይወጣውም፣ ሌሊት ሶስቴ አራቴ ይነሳል፣ ሲወድቅ ደግሞ አያለቅስም፣ ጉልበቱ ተልጦ ደም እየፈሰሰው ተነስቶ ይሮጣል። መጀመሪያ ጡንቻው ልል ነው ተባልን፣ ቀጥሎ ኦቲዝም ተባለ፣ ቀጥሎ ደግሞ ታገሱ ያድጋል። ሁለት አመት ተኩል ተመላልሰን ባለፈው ወር ኤክሶም የሚሉት የዘረመል ምርመራ ውጤት መጣ። ሲንጋፕ 1 የሚባል ጂን ላይ ለውጥ አለ፣ ከእናትም ከአባትም አልተወረሰም አዲስ ነው ይላል። ሐኪሙ ወረቀቱን ሰጠንና በጣም ሬር ነው መድኃኒት የለውም ቴራፒውን ቀጥሉ ብሎ ቀጣዩን ተረኛ አስጠራ። አስር ደቂቃ አልሞላም።

ስም በማግኘቱ እፎይ አልኩ፣ ማታውን ግን አልቅሼ ነው ያደርኩት። አዲስ ለውጥ ነው ሲሉ እርግዝናዬ ላይ የሆነ ነገር አድርጌ ይሆን እንዴ እያልኩ የወሰድኩትን ክኒን የተጓዝኩትን መንገድ ሁሉ ስቆጥር ነጋ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሳይመንስ ሰርችላይት የሚባል የሬር ጂን ልጆችን መረጃ የሚሰበስብ ሪሰርች አገኘሁ፣ ሲንጋፕ 1ም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። የልጁን የሕክምና ታሪክ ይጠይቃሉ፣ ፎርም ትሞያለሽ፣ የዘረመል ውጤቱን ታስገቢያለሽ። ባለቤቴ አይሆንም ነው የሚለው። ልጄ መሞከሪያ አይሆንም፣ መረጃው የት እንደሚሄድ አናውቅም፣ ደግሞስ ለሱ ምን ይጠቅመዋል አለ። እውነት ለመናገር መልስ አጣሁለት። ያስመዘገባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ምን አገኛችሁ? ምንስ ተጎዳችሁ?

(ሌላ ደግሞ፣ ምግብ ሲበላ አይኑን ወደላይ እያርገበገበ ጭንቅላቱን ዱብ ያደርጋል። ሁሉም መብላት ስላልፈለገ ነው፣ አመል ነው ይሉኛል። ከዚህ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም።)


የድራቬት አባት፦

እህቴ አይዞሽ። የኔ ልጅ ሰባት አመቷ ነው፣ ድራቬት ሲንድረም የሚባል ከሕፃንነት የሚጀምር ከባድ የሚጥል በሽታ ነው፣ የሷ ኤስሲኤን1ኤ የሚባለው ጂን ነው። የባለቤትሽን ጥያቄ እኔም የዛሬ አምስት አመት ቃል በቃል ጠይቄዋለሁ ስለዚህ አልፈርድበትም፣ አባት ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው መከልከል ነው።

ግን መድኃኒት የለውም የሚለውን ቃል በጣም ተጠንቀቂበት። መድኃኒት የለውም ማለትና ማወቁ አይጠቅምም ማለት አንድ አይደሉም። የኛ ልጅ ስምንት ወሯ ላይ ትኩሳት መጥቶባት ነው መንቀጥቀጥ የጀመረችው፣ አንዱ እስከ አርባ ደቂቃ አልቆም ብሎ ኦክስጅን ላይ ሆና አድራለች። ካርባማዘፒን የሚባል የመንቀጥቀጥ መድኃኒት ተጀመረላት። ሲጨመርላት ይብስባታል፣ ሲብስባት ይጨመርላታል፣ እንደዚህ እያልን አንድ አመት ከአራት ወር። የዘረመል ውጤቱ ሲመጣ ነው ካርባማዘፒንና መሰሎቹ ሶዲየም ቻናል (ሶዲየም ወደ ነርቭ ሴል የሚገባበት በር) የሚዘጉ መድኃኒቶች ድራቬት ያለበትን ልጅ እንደሚያባብሱ የተነገረን። በሷ ላይ የተበላሸው ራሱ የሶዲየም ቻናል ነውና። ቀስ በቀስ ወጥቶ በሌላ ተቀየረ፣ መንቀጥቀጡ ጨርሶ አልጠፋም ግን አምቡላንስ የምንጠራበት ቀን በጣም ቀነሰ። ስለዚህ ጂኑ መታወቁ ፈውስ ባይሆንም ምን መስጠት እንደሌለብን ነገረን፣ ያን ብቻ ባገኝ እንኳን ይበቃኝ ነበር።

አሁን ወደ ሬጅስትሪው። ለሱ ምን ይጠቅመዋል ላለው፣ እውነቱን ንገሪው፣ ነገ ጠዋት ምንም። ምንም ላይጠቅመው ይችላል። እኔን ያሳመነኝ ግን የኤስኤምኤ ታሪክ ነው፣ ያ ጨቅላ ሕፃናትን ጡንቻ አድክሞ መተንፈስ የሚያሳጣው በሽታ። የጂን ሕክምናው መጀመሪያ የተሞከረው 15 ሕፃናት ላይ ብቻ ነው፣ እኤአ በ2017 ነው የታተመው። 15 ልጅ ይዞ ግማሹን ከሕክምና ውጪ አድርጎ ማወዳደር አይቻልም፣ ጭካኔም ነው። ታዲያ ከማን ጋር አወዳደሩት? ከዛ በፊት ልጆቻቸው ያለ መድኃኒት እንዴት እንደሆኑ ለጥናት መረጃ ከሰጡ ቤተሰቦች ጋር። በድሮው መረጃ 20 ወር ላይ ያለ መተንፈሻ ማሽን በሕይወት የሚገኙት 8 ከመቶ ብቻ ነበሩ፣ ሕክምናውን ያገኙት 15ቱም ግን ነበሩ። በ2019 መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። እነዛ መጀመሪያ መረጃ የሰጡት ወላጆች ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ቀብረዋል። ያን ያነበብኩ ቀን ነው ፎርሙን የሞላሁት፣ ከዛ በኋላ ማንም ሊያስቀይረኝ አልቻለም።


ጄኔቲክ ካውንስለር ነኝ፦

ሰላም የትንሹ እናት። ስራዬ ይሄው፣ የዘረመል ውጤትን ለቤተሰብ ማስረዳት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ አስር ደቂቃ ውስጥ ሊነገርሽ የሚገባው ሳይነገርሽ ስለቀረ አዝኛለሁ።

መጀመሪያ ሌሊቱን ስላስነጋብሽ ነገር። ምንም አላደረግሽም። እያንዳንዳችን ስንፈጠር ከእናትም ከአባትም የሌሉ ወደ 60 እና 70 የሚሆኑ አዳዲስ የዲኤንኤ ለውጦች ይዘን ነው የምንወለደው፣ አንቺም እኔም አለብን። ሴል ሲባዛ ያን ሁሉ ፊደል ሲገለብጥ የሚያጋጥም ስህተት ነው። አብዛኛው ምንም የማያመጣ ቦታ ላይ ያርፋል፣ የልጅሽ አንዱ ክፉ ቦታ ላይ አረፈ። ክኒንም ጉዞም ድንጋጤም ያመጣው አይደለም። ይሄን ለባለቤትሽም አንብቢለት ምክንያቱም አባቶች አይናገሩትም እንጂ እነሱም ሌሊት ይቆጥራሉ።

ሌላ ልጅ ብታስቡ፣ አዲስ ለውጥ ሲሆን የመደገም እድሉ በአብዛኛው 1 ከመቶ አካባቢ ነው የሚባለው። ዜሮ ያልሆነው አንዳንዴ ለውጡ ደም ምርመራ ላይ ሳይታይ ከወላጅ የዘር ሴሎች በከፊሉ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ነው። ከሁለቱም ወላጅ አንዳንድ የተበላሸ ቅጂ ሲወረስ ከሚመጡት በሽታዎች ጋር አታምታቺው፣ እዛ ላይ ነው በእያንዳንዱ እርግዝና 25 ከመቶ የሚባለው።

ስለ ጂኑ ደግሞ። እያንዳንዱ ሰው ሁለት የሲንጋፕ 1 ቅጂ አለው፣ የልጅሽ አንዱ አይሰራም፣ ስለዚህ የአንጎል ሴሎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚያስፈልገው ፕሮቲን በግማሽ አካባቢ ቀነሰ። ይሄ ክፉ ዜና ቢሆንም ውስጡ አንድ ተስፋ አለው፣ ጤነኛው ቅጂ አሁንም አለ። ተመራማሪዎች የሚያስቡት አንዱ መንገድ እሱን ጤነኛውን በርትቶ እንዲሰራ ማድረግ ነው። ለድራቬት በዚህ ሀሳብ የተሰራ መድኃኒት በሰው ላይ እየተሞከረ ነው። የሲንጋፕ 1 ለውጥ ሰው ላይ ከዚህ በሽታ ጋር መያያዙ የታወቀው እኤአ በ2009 ነው፣ ከዛ በፊት ልጅሽ ቢመረመር ወረቀቱ ላይ የሚጻፍለት ስም አልነበረም።

አሁን ባለቤትሽ የፈራው ነገር። ሁለት የተለያየ ነገር አንድ ላይ ተደባልቆበታል መሰለኝ። ክሊኒካል ትራያል መድኃኒት የሚሞከርበት ነው። ሬጅስትሪ ግን የሚመለከትና የሚመዘግብ ነው፣ መቼ ተራመደ፣ መቼ ተናገረ፣ እንቅልፉ፣ መንቀጥቀጡ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ ከአመት አመት ምን ተቀየረ። ልጁ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። አንዳንዶቹ ደም ወይም ምራቅ ይጠይቃሉ፣ እሱን እምቢ ብሎ ፎርሙን ብቻ መሙላት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ደም ሲወሰድ ደግሞ ዝም ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ሊቀመጥ አይደለም፣ ከደም ወይም ከቆዳ የተወሰደ ሴል ላብራቶሪ ውስጥ ወደ ነርቭ ሴል ተቀይሮ መድኃኒት መጀመሪያ እሱ ላይ ሊታይ ይችላል። ከልጁ በፊት ሴሉ ላይ ማለት ነው።

የመረጃው ጉዳይ ላይ ግን ባለቤትሽ ልክ ነው፣ መጠየቅ አለበት። ኮንሰንቱን (የስምምነት ቅጹን) ሳታነቡ አትፈርሙ። ስሙ በኮድ ይቀየራል ወይ፣ የኮዱ ቁልፍ ማን ጋ ነው፣ ለድርጅቶች ይሰጣል ወይ፣ የስነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል ወይ፣ ልውጣ ብትሉ ምን ይሆናል። መውጣት በማንኛውም ሰአት መብታችሁ ነው፣ ነገር ግን አንዴ ለተመራማሪ የተላለፈ መረጃ ተመልሶ ላይሰበሰብ ይችላል፣ ይሄን አውቃችሁ ግቡ። ሌላው ስም ወጣ ማለት ፈጽሞ አይታወቅም ማለት አይደለም፣ ዲኤንኤ ራሱ ከሰው ሰው ይለያያልና በተለይ እንደዚህ ጥቂት ሰው ብቻ ያለው በሽታ ላይ። አደጋው ትንሽ ነው ብዬ አምናለሁ፣ የለም ግን አልልም። እኔ ብሆን አስመዘግበው ነበር።

በቅንፍ የጻፍሽውን ግን አመል ነው ብለሽ አትለፊው። በስልክ ቅረጪውና ለኒውሮሎጂስት (ለአንጎልና ነርቭ ሐኪም) አሳዪ።


ሲንጋፕ እናት፦

ኧረ እኔ ይሄን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። የኔም ሲንጋፕ 1 ናት!! ዘጠኝ አመቷ ነው። ይሄን ጂን አማርኛ ተጽፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

የትንሹ እናት ያ ሲበላ የምትይው፣ አይን እየተርገበገበ ጭንቅላት ዱብ የሚለው፣ መናድ ነው። ኢፒለፕሲ ነው። ሲንጋፕ ላይ የታወቀ ነገር ነው፣ ማኘክ ራሱ የሚያስነሳባቸው ልጆች አሉ፣ የአይን ሽፋን መርገብገብም ዋናው ምልክታቸው ነው። እኛም ሶስት አመት ሙሉ ስትበላ ነው የቀጣናት። ነይ ተስተካክለሽ ተቀመጪ፣ ማንኪያውን አትጣይ፣ እያልኩ ስጮህባት የነበረውን ሳስበው እስከዛሬ አንጀቴ ይላወሳል፣ ልጄ እኮ በአንድ ማዕድ ሀያ ሰላሳ ጊዜ ራሷን እየሳተች እየተመለሰች ነበር። ማን ነገረኝ መሰለሽ? ሐኪም አይደለም። የሲንጋፕ ወላጆች የሚገናኙበት ግሩፕ ውስጥ አንዷ እናት የልጇን ቪዲዮ ለጠፈች፣ ልጁን አላውቀው ቋንቋቸውን አላውቀው፣ ግን ያ ዱብ የሚለው ነገር የልጄ ነው። ክው ብዬ ቀረሁ። ቪዲዮውን ይዤ ሄድኩ፣ ኢኢጂ (የአንጎል ሞገድ ምርመራ) ተነሳች፣ ተኝታም ነቅታም፣ መናዱ በጣም ነበረባት። አንድ መድኃኒት ሞክረን ሁለተኛው ላይ ቀነሰላት። ስትበላ ቀና ብላ ስታየኝ ያንን ቀን አልረሳውም።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትይ ቅረጪው፣ ከጎን ሳይሆን ከፊት፣ አይኑ እንዲታይ፣ በረሀብም በጥጋብም ሰአት። ኢኢጂ ሲታዘዝልሽ ምግብ ይዘሽ ሂጂና እየበላ ይነሳ በያቸው፣ እንቅልፍም እንዲያገኘው ጠይቂ።

ሲወድቅ የማያለቅሰው ነገርም የኛው ነው። ብዙዎቹ ሕመም ቶሎ አይሰማቸውም። ስለዚህ ማታ ስታጥቢው ገላውን ሁሉ እይ፣ ጥርሱን፣ ጆሮውን። የኔ ልጅ ጣቷ ተሰብሮ ሁለት ቀን ስትጫወትበት ነው ያየሁት።

ሬጅስትሪው ላይ እኛ አለን፣ አራተኛ አመታችን ነው። ምን አገኘሽ ላልሽው፣ አንደኛ በአመት አንዴ የልጄን ነገር ቁጭ ብዬ እንድጽፍ አደረገኝ፣ ባለፈው አመት ሰባት ቃል ዘንድሮ አስራ ዘጠኝ ቃል። በየቀኑ ስታዪ ያልተራመደች የሚመስልሽ ልጅ ተራምዳለች። ሁለተኛ ለሐኪም ስሄድ ፋይሌ የተደራጀ ሆነ። ከሁሉም በላይ ግን ብቻችንን አይደለንም። ፎርሙ እንግሊዝኛ ነው፣ ከከበደሽ እኔ አብሬሽ እሞላለሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።


የትንሹ እናት፦

ሲንጋፕ እናት ምን ልበልሽ፣ መልስሽን አንብቤ ስጨርስ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ዛሬ ጠዋት ቁርሱን ሲበላ ቀረጽኩት። አስራ አንድ ደቂቃ ውስጥ አስራ አራቴ። ስቆጥረው እያለቀስኩ ነው። ወንበር ላይ አስሬ የማበላው ጊዜ ነበር እኮ። ለሐሙስ ቀጠሮ አግኝቻለሁ።

ካውንስለሯ/ካውንስለሩ እግዜር ይስጥልን። ያን ስለ አዲስ ለውጥ የጻፋችሁትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ምንም ሳይናገር ተነስቶ ወጣ፣ ሲመለስ አይኑ ቀልቶ ነበር። እሱም ሲቆጥር ነበር ለካ።


ስም ያላገኘን፦

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነው የምጠይቀው፣ የውይይቱን ክር ካበላሸሁ ይቅርታ። የናንተን ሳነብ ቀናሁ። ሰው በምን ይቀናል አትበሉኝ፣ ስም ስላላችሁ ነው። የኔ ልጅ ስድስት አመቱ ነው፣ አይቀመጥም አይናገርም፣ ክሮሞሶም ታየ፣ ማይክሮአሬይ (የጎደለ ወይም የተጨመረ የዲኤንኤ ቁራጭ የሚፈልገው ምርመራ) ታየ፣ ኤክሶም ታየ፣ ምንም የለም። አንድ ነገር ብቻ አለ፣ ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ የሚል። ግሩፕ ልግባ ብል የማን ግሩፕ? ሬጅስትሪ ልግባ ብል የምን ልበል? ዘመድ ሲጠይቀኝ እስኪ ምኑን ነው ያመመው ሲሉኝ የምመልሰው የለኝም፣ አንዳንዱ እናቱ ደብቃ ነው ብሎ ያስባል። ውጤቱ የወጣው የዛሬ ሶስት አመት ነው። አለቀ ማለት ነው ወይስ?


ጄኔቲክ ካውንስለር ነኝ፦

አላለቀም። ስም ያላገኘን፣ ክር አላበላሸሽም፣ በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ኤክሶም አብዛኛውን ጊዜ ከተመረመሩት ከግማሽ በታች ነው መልስ የሚሰጠው፣ ስለዚህ ብዙ ነው እንዳንቺ ያለው። ምርመራው ራሱ የሚያየው ፕሮቲን የሚሰራውን ክፍል ነው፣ ያ ከጠቅላላው ዲኤንኤ 1 እና 2 ከመቶ ቢሆን ነው።

ሶስት አመት ካለፈው ላብራቶሪው ያንኑ የድሮውን ዳታ እንደገና እንዲያነበው ጠይቂ። አዲስ ደም አያስፈልግም። በየአመቱ አዳዲስ የበሽታ ጂኖች ይገኛሉና ያኔ ዝም ያለው ዛሬ ሊናገር ይችላል። ሁለተኛ፣ ያኔ የልጁ ብቻ ታይቶ ከሆነ የእናትና የአባት ተጨምሮ ይነጻጸር፣ ያ ትርጉሙ ያልታወቀው ለውጥ ከጤነኛ ወላጅ የመጣ ነው ወይስ አዲስ የሚለው ብቻ ብዙ ሊያጠራው ይችላል። እስከዛው ግን በዛ ለውጥ ላይ ተመስርተሽ ምንም አትወስኚ፣ ያልታወቀ ማለት ያልታወቀ ነው።

ሶስተኛ፣ ሐኪምሽ ጂን ማቸር የሚባለውን ድረገጽ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂው። ከ2013 ጀምሮ ያለ ነው፣ የተጠረጠረውን ጂን ስም ታስገቢያለሽ፣ ሌላ አገር ያለ ሐኪም ወይም ተመራማሪ ያንኑ ጂን ሲያስገባ ለሁለታችሁም ኢሜይል ይመጣል። ስንት አዲስ በሽታ እንደዚህ ሁለት ሶስት ልጅ ተገናኝቶ ነው ስም ያገኘው። ለቤተሰብ ድጋፍ ደግሞ ስም እስኪመጣ አትጠብቂ፣ ዲያግኖሲስ ለሌላቸው ልጆች ቤተሰቦችም ማህበር አላቸው። ፊዚዮቴራፒም አመጋገቡም ጂኑን አይጠይቅም።


የድራቬት አባት፦

አንድ ነገር ልጨምርና ልሂድ፣ ለአዲሶቹ ነው። ስም እንዳገኛችሁ ኢንተርኔት ላይ መጻፍ ስትጀምሩ ስቴም ሴል እንወጋለን፣ ልጁ ይናገራል፣ የሚሉ ሰዎች በውስጥ መስመር ይመጣሉ። እኔ ጋ ሶስት መጥተዋል። የመጀመሪያው ጊዜ ያለንን ሁሉ ሸጠን ልንሄድ ነበር፣ ያዳነችን የልጃችን ኒውሮሎጂስት ናት። ጥናት ነው ብሎ ለመሳተፍ ብዙ ብር የሚያስከፍላችሁ ካለ ሽሹ። ክሊኒካልትራያልስ ዶት ጎቭ (ጥናቶች የሚመዘገቡበት የአሜሪካ መንግስት ድረገጽ) ላይ ተመዝግቧል ቢሏችሁም እዛ መመዝገቡ መንግስት አየው አጸደቀው ማለት አይደለም።

ደግሞ ዘመድ ሁሉ ያ በ2025 ፊላደልፊያ ላይ በጂን ማስተካከያ የታከመውን ሕፃን ዜና ይልክላችኋል። እውነት ነው፣ ለዛ ልጅ ብቻ ተብሎ ነው የተሰራው፣ እኔም ሳነበው አልቅሻለሁ። ግን የሱ የጉበት ኢንዛይም ችግር ነው፣ ጉበት ላይ መድኃኒት ማድረስ ይቻላል፣ አንጎል ላይ ማድረሱ ነው ያስቸገረው። የላከላችሁን ሰው አትቆጡት፣ መላኩ ፍቅር ነው።


የትንሹ እናት፦

ሐሙስ ሄድን። ቪዲዮውን አየና ሐኪሙ ሁለቴ መልሶ አጫወተው፣ ከዛ ይሄን እኔ አልጠየቅኳችሁም ነበር አለ። ኢኢጂ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ ምግቡን ይዘን ነው የምንሄደው።

ማታ ባለቤቴ ኮንሰንቱን በትርጉም አፕ እያስተረጎመ ሙሉውን አነበበው፣ ሁለት ሰአት ፈጀበት። የኮዱ ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚለውን በኢሜይል ጠይቆ መልስ መጣለት። ደም ለጊዜው ይቆየን፣ ፎርሙን ግን እንሙላ አለ። አንዱ ጥያቄ መጀመሪያ ያለ ድጋፍ የተራመደበት ወር ይላል፣ እኔ ሁለት አመቱ ላይ ነው አልኩ እሱ አይደለም አለ፣ ስልኩን ከፍቶ ሲፈልግ ቪዲዮውን አገኘው፣ ሀያ ስድስት ወር ከአራት ቀን። ከሶፋው እስከ በሩ ድረስ ነው፣ ባለቤቴ ከበሩ ሆኖ ና ና ሲለው ይሰማል። ሶስቴ መልሰን አየነውና ሀያ ስድስት ብለን ሞላን።

ሲንጋፕ እናት ገጽ አራት ላይ ስለ እንቅልፍ የሚጠይቀው ላይ ነኝ፣ ያንቺ አሁንም ሌሊት ትነሳለች?